ገነት ለማን? የሰፊው ተስፋ ክርስቲያናዊ ታሪክ

ተአምረ ማርያም ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው በላዔ ሰብእን አይረሳም። የቅምሩ ሰው 78 ነፍስ በልቷል፤ በመጨረሻ ግን በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ የተጠማ ድሃ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ሚዛን ላይም ያቺ ጥርኝ ውኃ አመዘነች። ምእመኑ ይህን ሲሰማ ኪዳነ ምሕረትን ያመሰግናል፤ ተቺው ደግሞ «የተበሉትስ?» ይላል። ሁለቱም የነኩት ክርስቲያኖችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ አንድ ጉዳይ ነው፦ የእግዚአብሔር ፍቅር እስከ የት ይደርሳል?

ክርክሩ ቶሎ የሚበላሸው ሁለት ጥያቄ ስለሚደባለቅበት ነው። አንደኛው የክርስቶስን ስም ሳይሰማ ወይም በሌላ ሃይማኖት ኖሮ የሞተ ሰው ይድናል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚያ ይከብዳል፤ የገሃነም ፍርድ ማብቂያ አለው ወይ ይላል። ለመጀመሪያው «ይቻላል» ብለው ለሁለተኛው «የለውም» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የዛሬው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ራሱ እንዲህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አያጡም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የእግዚአብሔር ፈቃድ የሰው ሁሉ መዳን መሆኑን ይነግረዋል (1ኛ ጢሞ. 2፥4)። ማቴዎስ 25 ደግሞ የዘላለም ቅጣትንና የዘላለም ሕይወትን በአንድ ቁጥር ጎን ለጎን ያቆማል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ በቀኝ የቆሙት ሰዎች ራሳቸው ይደነግጣሉ፤ መቼ እንዳበሉትና መቼ እንዳለበሱት አያውቁም። የኃጥአኑን ቅጣት ለማስረዳት ምዕራፉን የሚጠቅስ ሰባኪ ሁሉ ይህን የጻድቃኑን ድንጋጤም ሳይዘል ቢያነብ ደግ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ታሪክ የሚጀምረው በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዮስጢኖስ ሰማዕት ቃለ እግዚአብሔር ዘሩን በሰው ልጅ ሁሉ ዘርቷል ብሎ ያምን ስለነበር፣ ከክርስቶስ በፊት በእውነት የኖሩትን ሶቅራጥስንና ሄራቅሊጦስን ሳይቀር ከክርስቲያኖች ቆጠራቸው። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ድኅነት የለም አለ። እርሱ ይህን ሲል በዓይኑ ፊት የነበሩት ቤተ ክርስቲያንን የከፈሉ ሰዎች ነበሩ፤ ቃሉ ግን እየሰፋ ሄዶ ስለ ዓለም ሕዝብ ሁሉ የተነገረ ተደርጎ ተወሰደ።

የዚህ አመለካከት ጫፍ በፍሎረንስ ጉባኤ ታየ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ጉባኤው መጡ። ጉባኤው በ1442 የካቲት ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን ጋር ለመዋሐድ ያወጣው ሰነድ አረማውያንን ብቻ ሳይሆን አይሁድን፣ መናፍቃንንና ከሮም የተለዩትን ሁሉ፣ ከመሞታቸው በፊት ካልተመለሱ ለዘላለም እሳት ሰጣቸው። ስለ ክርስቶስ ስም ደሙን ያፈሰሰ እንኳ ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ውጭ ከሆነ አይድንም ይላል። እንግዶቹን በክብር የተቀበለች ከተማ፣ አያቶቻቸው የት እንዳሉ እንዲህ አድርጋ ነገረቻቸው።

ያ ቃል ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ተገለበጠ። ሌናርድ ፊኒ የተባለ የቦስተን ኢየሱሳዊ ካህን ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ማንም አይድንም ብሎ ቃል በቃል ሲያስተምር ቆይቶ ለሥልጣኗ አልታዘዝም ሲል፣ በ1953 ያወገዘችው ያቺው የሮም ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያን በሚናገረው ሰነድ ደግሞ፣ ያለ ጥፋቱ ወንጌልን ሳያውቅ እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልግና ሕሊናው እንዳሳየው የሚኖር ሰው ሊድን እንደሚችል ደነገገ። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ጀርመናዊው ካርል ራነር ነው። ራነር ጸጋን ሳያውቁ የተቀበሉትን «ስም የሌላቸው ክርስቲያኖች» ይላቸዋል። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ስያሜው ግን አይጥመኝም፤ አንድን ሙስሊም ሳይጠይቁ ክርስቲያን ማለት ለእርሱም ክብር አይደለም።

ከፕሮቴስታንቶች ወገን ይህን መስመር ለብዙ አንባቢ ያደረሰው ልብ ወለድ ነው። ብሪታንያዊው ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1956 ባወጣው የናርንያ ተከታታይ የመጨረሻ መጽሐፍ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሌላ አምላክ በቅንነት ያገለገለ ወታደር የክርስቶስ ምሳሌ በሆነው አንበሳ በአስላን ፊት ተቀባይነት ያገኛል። ካናዳዊው ክላርክ ፒኖክ በ1992 ሐሳቡን በነገረ መለኮት ቋንቋ አስፍቶ ሲጽፍ ከወንጌላውያን ባልደረቦቹ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በሀገራችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መድረክም ይህ ድምፅ ብዙ አይሰማም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሻገር በር ላይ የምናገኘው እስክንድርያዊውን ኦሪገንን ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ፍጥረት ሁሉ በመጨረሻ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል፣ የገሃነምም እሳት የሚያነጻ እንጂ የሚበቀል አይደለም ወደሚል ተስፋ አዘነበለ። ከመቶ ዓመት በኋላ የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ይበልጥ ግልጽ አድርጎ አስተማረው። ኦሪገን ግን በ553 በቁስጥንጥንያው ጉባኤ ሲወገዝ፣ ጎርጎርዮስ እስከ ዛሬ ቅዱስ ነው፤ በእኛም ሃይማኖተ አበው ውስጥ ቃሉ ይነበባል። ያን ጉባኤ ሦስት ጉባኤያትን ብቻ የምትቀበለው ቤተ ክርስቲያናችን አትቆጥረውም፤ ይህ ማለት ግን የሁሉን መመለስ ታስተምራለች ማለት አይደለም። በምዕራቡ ዓለም በሩን የዘጋው አውግስጢኖስ ነው፤ «ስለ እግዚአብሔር ከተማ» በሚለው መጽሐፉ 21ኛ ክፍል፣ ቅጣቱ ያበቃል የሚሉትን ርኅሩኃን ወገኖች አንድ በአንድ ይሞግታቸዋል። የሱ ቃል ከሺህ ዓመት በላይ ገዛ።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ልብ ያለው ግን በማር ይስሐቅ ዘንድ ነው። ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱን ያበረከተልን ይህ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴ የተወለደው ዛሬ ኳታር በምንላት አካባቢ ነው፤ ዶሃ የሚሠሩ ስንት ወገኖቻችን ይህን ያውቁ ይሆን? የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፣ አምስት ወር ቆይቶ ወደ በረሃ ሸሸ። አባትነቱን ያገኘባት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የእኛ አባቶች ንስጥሮሳዊት ብለው የሚያወግዟት ናት፤ መጽሐፉ ግን ድንበሩን ተሻግሮ በዐረብኛ በኩል ግዕዝ ሆነ፣ በገዳሞቻችንም ከነአንድምታው ይተረጎማል። ይስሐቅ ምሕረት ያለው ልብ ምን እንደሚመስል ሲገልጽ፣ ለሰው፣ ለወፍ፣ ለአውሬ፣ ለአጋንንት ሳይቀር የሚቃጠልና የሚያለቅስ ልብ ነው ይላል። በገሃነም ያሉት የእግዚአብሔር ፍቅር የተለያቸው መስሎ መታሰቡንም አይቀበልም፤ የሚያሠቃያቸው የበደሉት ያ ፍቅር ራሱ ነው ባይ ነው። ሴባስቲያን ብሮክ የተባለ የሱርስት ሊቅ በ1983 በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ጠፍቶ የነበረውን የይስሐቅን መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ሲያገኝ ደግሞ፣ ይስሐቅ ገሃነም ለመልካም ፍጻሜ የታሰበችና የምታበቃ መሆኗን በግልጽ ጽፎ ተገኘ።

ከይስሐቅ ጋር ሳይተዋወቁ የተገናኙ የሚመስሉኝ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናቸው። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመኗ የቡልጋ ሴት፣ የልጆች እናት፣ በኋላም የጣና መናኝ፣ እንደ ገድላቸው ትረካ ጌታን የለመኑት ማንም የማይለምነውን ነው፤ የአዳም ልጆች እንዳይሠቃዩ ዲያብሎስን ማርልኝ አሉ። ተፈቀደላቸውና ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል ወርደው ለዕርቅ ጠሩት። እርሱ ግን እጃቸውን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታቸው፤ ሚካኤል በሰይፉ አስጣላቸው፣ ሲወጡም ብዙ ነፍሳትን ይዘው ወጡ። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ ግዕዙን በ1956 ካሳተመ ወዲህ የውጭ ተመራማሪዎችም ይህን ታሪክ በመደነቅ ያነቡታል። ልብ በሉ፦ በገድሉ ውስጥ ዕርቁን እንቢ ያለው ዲያብሎስ ነው፤ ከላይ የወረደ ክልከላ የለም።

ዘመናዊው ክርክርም እዚሁ ነጥብ ላይ ይመለሳል። በአሜሪካ በ1770 የደረሰው ጆን መሪና ተከታዮቹ ሁሉም ይድናል የሚል ራሱን የቻለ ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፤ በ1961 ከዩኒቴሪያኖች ጋር ተዋሐደ። ስዊዛዊው ሃንስ ኡርስ ፎን ባልታዛር የሁሉንም መዳን ማረጋገጥ አይፈቀድልንም፣ ተስፋ ማድረግ ግን ግዴታችን ነው ብሎ ጻፈ። አሜሪካዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ዴቪድ ቤንትሊ ሃርት በ2019 ይህን ጥንቃቄ ንቆ፣ ሁሉም ካልዳነ እግዚአብሔር ቸር አይባልም እስከ ማለት ደረሰ። ከሁሉ በላይ ዋጋ የከፈለው ግን በአሜሪካ የተልሳ ከተማ ጴንጤቆስጤያዊ ጳጳስ የነበረው ካርልተን ፒርሰን ነው። በሺህ የሚቆጠር ጉባኤ ነበረው፤ የሩዋንዳን ስደተኞች በቴሌቪዥን አይቶ እነዚህ ደግሞ ወደ ገሃነም ይሄዳሉ ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱን በመድረክ ሲሰብክ በ2004 የጥቁር አሜሪካውያን ጴንጤቆስጤያውያን ጳጳሳት መናፍቅ አሉት፤ ሕዝቡም ሕንጻውም ከእጁ ወጣ። በ2023 አረፈ።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ቀላል አይደለም። ሁሉም በግድ የሚድን ከሆነ የሰው ነጻ ፈቃድ ምን ይሆናል? የተገፋው ሰው ዕንባስ ማን ይፈርድለታል? በበላዔ ሰብእ የተበሉት 78ቱ ድምፅ የላቸውምና ይህ ጥያቄ ሊታፈን አይገባም። ሃርት ለዚህ የሚሰጠው መልስ አያረካኝም፤ ፍጻሜውን በእርግጠኝነት የሚያውጅ ሰው፣ ባለ ተስፋም ሆነ ባለ ዛቻ፣ በዳኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የባልታዛር መንገድ ይሻላል እላለሁ፤ ከፍትሐታችንና ከተዝካራችን ጋርም የሚስማማው እርሱ ነው፤ ስለ ሞተ ሰው ምሕረት የሚለምን ሕዝብ ነገሩ ተቆርጧል ብሎ አያምንምና።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ሰፊውን ተስፋ ከባሕር ማዶ የመጣ የዘመን ፍልስፍና ነው ብሎ ለማለፍ ለሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ማር ይስሐቅን፣ ቀጥሎም ገድለ ክርስቶስ ሠምራን እንዲያነብ ንገሩት።