የትውልድ ቆጠራ በዲኤንኤ ፊደል

የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደጋ ዳሞት ገጠር ርስት የሚሟገት ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከአባቶች ስም ነበር። አገሩን ያቀናውን ዋና አባት ይጠራና ምንዝር አባቱን አስከትሎ፣ አንዴ በወንድ አንዴ በሴት እየወረደ እስከ ራሱ ይቆጥራል። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳልና። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ምሁር አላን ሆበን በደጋ ዳሞት ኖሮ ያጠናው ይህንኑ ነው። ሙግቱ በአዋጁ ቢቀርም፣ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት መቁጠር አልቀረም።

ሳይንስም በሁለቱም ወገን የሚወረስ የራሱ መቁጠሪያ አለው፤ የሚቆጥረውም የዲኤንኤን ድግግሞሽ ነው። የሰው ዲኤንኤ በአራት ፊደላት፣ በኤ፣ በቲ፣ በጂና በሲ ብቻ የተጻፈ ሲሆን ርዝመቱ 3 ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። ግማሽ የሚሆነው ድግግሞሽ ነው። አሉ የሚባለው 300 ፊደል ያህል የሚረዝም ቁራጭ ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይገኛል። ብዙ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ይህን ሁሉ ጥቅም የለሽ ትርፍ አድርገው ቆጥረውት ነበር። የችኮላ ፍርድ ነበር።

ለዝምድና ምርመራ የሚያገለግሉት አጫጭሮቹ ናቸው። ከ2 እስከ 6 ፊደል የሆነች ቁራጭ ሳትቋረጥ በተከታታይ ትደጋገማለች፤ ስንት ጊዜ እንደምትደጋገም ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ልዩነቱን ያመጣው ሕዋስ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንድ ድግግሞሽ መጨመሩ ወይም መዝለሉ ነው። እያንዳንዳችን በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ቁጥር አለን፤ አንዱ ከአባት፣ ሌላው ከእናት። ልጁ 6 እና 9፣ እናቱ 6 እና 7 ቢኖራቸው፣ 9 የመጣው ከአባት ነው። ላቦራቶሪ ይህን በአንድ ቦታ ሳይሆን በ15፣ በ20 እና ከዚያም በላይ በሆኑ ቦታዎች ይፈትሻል። በአንድ ቦታ ብቻ ልዩነት ቢገኝ አባትነት ወዲያው አይካድም፤ ያ የመገልበጥ ስህተት ሊሆን ይችላልና።

መንገዱን የከፈተው እንግሊዛዊው አሌክ ጄፍሪስ ነው። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ረዘም ያሉ ድግግሞሾችን ሲመረምር የየሰውን መለያ ያየው ጳጉሜን 5 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ እኛ አዲስ ዓመት ለመቀበል ስንሰናዳ ነበር። የዲኤንኤ ምርመራ ለአገራችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በመራራ ሐዘን ያየነው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ ከ35 አገራት የመጡ 157 ሰዎች አለቁ። አስከሬን በመልክ መለየት በማይቻልበት በዚያ ስፍራ የሟቾችን ማንነት ለማረጋገጥ ዲኤንኤና የጣት አሻራ ተፈለጉ።

የላቦራቶሪው ቆጠራ ግን ለወላጅ፣ ለልጅና ለወንድማማች እንጂ ለሩቅ ዘመድ አይበረታም። ወደ ኋላ ሰባት ትውልድ ሲቆጠር 128 ቅድመ አያቶች ይመጣሉ፤ ከእያንዳንዳቸው የሚደርሰን ድርሻ በአማካይ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በእነዚህ ጥቂት ቦታዎች ድግግሞሽ ዋና አባትን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ያ ዕውቀት ያለው በሽማግሌዎች ዘንድ ነው፤ አያት ያላችሁ ሁሉ ሰባቱን ቤት ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉት።