ቋንቋው ቢለወጥ ስሙ ያልተለወጠ ሕዝብ

በድሬዳዋ መጋላ ገበያ መካከል ቆሞ ጆሮውን ያቀና ሰው፥ ኦሮምኛና ሶማልኛ፥ አማርኛና የሐረሪ ቋንቋ ባንድነት ሲንጫጩ ይሰማል። በዚህ ሁሉ መካከል «እኔ አርጎባ ነኝ» የሚል ሰው ቢያጋጥም፥ ይህንኑ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ በኦሮምኛ ነው።

የድሬዳዋ ሰው አርጎቦችን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፥ ሐረርን አልፎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢያቀና፥ በገደል አፋፍ ላይ በድንጋይ የታነጸችውን ኮረሚን ያገኛል። የዚች መንደር ሰዎች አባቶቻቸው ይናገሩት የነበረውን አርጎብኛ ትተው ኦሮምኛን አፍ መፍቻ ካደረጉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ስማቸውንና እስልምናቸውን ግን አልተዉም።

ሽማግሌዎች ስለ ትውልዳቸው ሲጠየቁ፥ አርጎባ ማለት «ዐረብ ገባ» ማለት ነው፤ አባቶቻችን ሃይማኖቱን ይዘው ባሕር ተሻግረው መጡ ይላሉ። ለእስላም ቤተ ሰብ ከነቢዩ አገር መወለድ ትልቅ ክብር ነውና ታሪኩ ቢወደድ አያስደንቅም። ቋንቋው ግን ሌላ ይመሰክራል። አርጎብኛ የዐረብኛ ልጅ አይደለም፤ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ከሐረሪ ቋንቋም ጋር ይዛመዳል። እንዲያውም አማርኛ የጣለውን የጥንቱን «ሀ» በብዙ ቃል ላይ ጠብቆ ይዟል፤ እኛ «አንድ» ስንል እነርሱ «ሀንድ» ይላሉ። እንግዲህ ሃይማኖቱ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ቋንቋው ግን እዚሁ ያደገ ነው። አንዳንድ ዐረብ ነጋዴ ከአገሬው ጋር ተጋብቶ ቢቀር ግን የሚያስገርም አይደለም።

የአርጎባ ስም ከሁሉ ይልቅ የሚያያዘው ከይፋት ጋር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1285 ዓ.ም. የወላስማ ነገሥታት የሸዋን ሱልጣኖች ድል ነሥተው ይፋትን አጸኑ፤ በኋላም ኃይላቸው ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አዳል ዞረ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአንኮበር ግርጌ በምትገኘው በአልዩ አምባ ገበያ አርጎቦችና የሐረር ነጋዴዎች ይገናኙ ነበር። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን የቅፍለቱ ንግድ መንገዱን ለወጠ።

ዛሬ በይፋት ብዙው አርጎባ አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። በአማራና በአፋር ክልሎች አርጎባ ልዩ ወረዳ የሚባሉ አሉ። ቋንቋው ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የሚሰማው በወሎ በኩል፥ በተራራ ላይ በተቀመጡት በሾንኬና በጦለሃ ነው፤ በዚያ ገና ሕፃናት ከእናታቸው አፍ ይማሩታል።