በ2 ሺህ ዶላር የተገዛው ግድብ
የመዝናኛ ሐይቅ ባለቤት የሚገዛው ውኃውን ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ሳውዝ ፎርክ በተባለ ቦታ የሚገኝ አንድ አሮጌ የአፈር ግድብ ከነመሬቱ በ2 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ሻጩ የኮንግሬስ አባል የነበሩት ሚስተር ጆን ራይሊ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ከአራት ዓመት በፊት ከባቡር ኩባንያ ላይ የገዙት በ2 ሺህ 500 ዶላር ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ 500 ዶላር ከስረዋል። ይሁን እንጂ የታሪኩ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት፣ ግድቡ ከእጃቸው ከመውጣቱ በፊት ከሥሩ ተቀብረው የነበሩት የብረት ማፋሰሻ ቱቦዎች ተነቅለው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠዋል። ቁራሌው የወሰደው እንግዲህ የግድቡን ዋና መቆጣጠሪያ ነበር።

ግድቡ 22 ሜትር ያህል ከፍታና 284 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። መንግሥት ያሠራው ለጀልባ መጓጓዣ ቦይ ውኃ እንዲያጠራቅም ቢሆንም፣ የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ቦዩ ከገበያ ወጣ፤ ግድቡም ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1862 ከፊሉ ተናደ። ገዢው ሚስተር ቤንጃሚን ረፍ የተናደውን ደፍነው የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ አቋቋሙበት። አባላቱ የፒትስበርግ ከተማ ባለጸጎች ሲሆኑ አንድሩ ካርኔጊ፣ ሄንሪ ፍሪክና አንድሩ ሜለን ይገኙባቸዋል። በገንዘብ ረገድ ለጥገና የሚቸገር ክለብ አልነበረም ማለት ነው።

ሥራው ግን በርካሽ ተሠራ። ክፍተቱ በአፈር፣ በጭራሮና በሣር ጭምር ተደፈነ። የተነቀሉት ቱቦዎች አልተተኩም። ሠረገላ እንዲያልፍበት ተብሎ የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ፤ ዓሣ እንዳያመልጥ ደግሞ በትርፍ ውኃ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ተተከለ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ቁጠባ ወይም ትንሽ ምቾት ይመስላል። ሦስቱ ሲደመሩ ግን ውጤቱ ሌላ ነው፤ ውኃው ሲሞላ የሚወጣበት በር ጠበበ፣ ሞልቶ የሚፈስበት ከፍታ ቀረበ፣ ባለቤቱም ሐይቁን ዝቅ አድርጎ ለመጠገን የሚያስችለውን ቧንቧ አጣ።

በሸለቆው ታች በጆንስታውን ከተማ የሚገኘው የካምብሪያ ብረት ኩባንያ ኃላፊ ሚስተር ዳንኤል ሞረል አደጋው ታይቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 መሐንዲሳቸውን ልከው አስመረመሩ፤ ማፋሰሻ ቱቦ አለመኖሩና የጥገናው ጥራት ማነስ ተነገራቸው። ሞረል የወጪውን ድርሻ ለመካፈል ሐሳብ ቢያቀርቡም ረፍ አልተቀበሏቸውም። በንግድ ዓይን ሲታይ ይህ በዋጋ ቅናሽ የቀረበ ኢንሹራንስን አልፈልግም እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ዘንቦ ውኃው በግድቡ አናት ላይ ፈሰሰ፤ ከሰዓት በኋላ ግድቡ ተደረመሰ። ጎርፉ ሸለቆውን ተከትሎ ወርዶ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ጆንስታውን ደረሰ። በጊዜው በተደረገው ቆጠራ 2 ሺህ 209 ሰዎች ሞቱ፤ የንብረት ጉዳቱም 17 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

የአፈር ግድብ ከሲሚንቶ ግድብ የሚለየው በዚህ ነው። በኮንክሪት ላይ ውኃ ለጥቂት ጊዜ ቢፈስ ሊቋቋመው ይችላል፤ አፈርን ግን እየሸረሸረ ይበላዋል። በአሜሪካ ከደረሱት የግድብ መደርመሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በዚሁ በአናት ላይ በሚያልፍ ውኃ የመጡ ናቸው። ሌላው አደጋ ከውስጥ የሚመጣ ነው። ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውኃ ያሰርጋል፤ በግርጌው የሚወጣው ጠብታ ጥርት ያለ እስከሆነ ድረስ ብዙ አያስደነግጥም። መጠኑ ከጨመረ ወይም ከደፈረሰ ግን ውኃው አፈሩን ይዞ እየወጣ፣ በግድቡ ሆድ ውስጥ ቀዳዳ እየቆፈረ ነው። ለመዝናኛ ቦታ ውበት ተብለው በግድቡ ወገብ ላይ የሚተከሉ ዛፎችም እንዲሁ ናቸው፤ ዛፉ ሲደርቅ ሥሩ በስብሶ ለውኃ መንገድ ይሆናል። ግድቡ የሚሻው አጭር ሣር ነው። አይጥና ሌሎች ቆፋሪ እንስሳት የፈለፈሉት ጉድጓድም ቶሎ መደፈን ይኖርበታል።

ኪሣራውን ማን ከፈለ? በጆንስታውን ጉዳይ መልሱ አሳዛኝ ነው። ክለቡ ከሐይቁና ከቤቶቹ ውጭ ብዙ ሀብት አልነበረውም፤ አባላቱም በግል ሀብታቸው እንዲከፍሉ የተፈረደባቸው የለም። ካርኔጊ የከተማውን ቤተ መጻሕፍት መልሰው ያሠሩት በራሳቸው ፈቃድ እንጂ በፍርድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ግን እ.ኤ.አ. በ1868 በሬይላንድስና በፍሌቸር መካከል በነበረው ክርክር፣ በመሬቱ ላይ ውኃ ያጠራቀመ ሰው ውኃው ወጥቶ ጎረቤቱን ቢጎዳ ጥፋት ባይኖርበትም እንደሚከፍል ተወስኖ ነበር። ይህን ሐሳብ ሲገፉ የነበሩ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከጆንስታውን በኋላ ወደ እርሱ ማዘንበል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 በሐዋይ ካ ሎኮ የተባለው ግድብ ፈርሶ ሰባት ሰዎች በሞቱበት ጉዳይ ደግሞ ነገሩ ከካሣ አልፎ ባለንብረቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የሰባት ወር እስራት ተፈርዶበታል።

ለኢትዮጵያ ባለሀብትም ነጥቡ የሩቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069፣ የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ በሌሎች ላይ ያልተለመደ አደጋ የፈጠረ ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ይሆናል ይላል። ሸለቆ ዘግቶ ለሎጅ ሐይቅ መሥራት ከዚህ ውጭ ነው ብሎ ለመከራከር ጎበዝ ጠበቃ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሐይቅ ዳር መሬት ለመግዛት የሚደራደር ሰው፣ ስለ መልክዓ ምድሩ ከመጠየቁ በፊት የማፋሰሻ ቱቦው በር ተከፍቶ እንዲታይለት ቢያደርግ ይበጀዋል። ዝጎ የማይከፈት ከሆነ የመተኪያው ዋጋ ከመሸጫው ላይ ይቀነሳል። የማስተንፈሻው ስፋት፣ ከግድቡ በታች የሰፈሩ ሰዎች ብዛትና የዓመት ጥገና በጀትም በውሉ ላይ ይጻፋሉ፤ በተለይ የሰፋሪዎቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት ስለሚጨምር፣ ከ10 ዓመት በፊት እርሻ ብቻ የነበረበት ግርጌ ዛሬ መንደር ሊሆን ይችላል።