ከምድር ቤት የወጣችው ሮኬት፦ ጊርድ-09ን በሬዚን መሥራት

ባለፈው ተርም የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ለሳይንስ ክበባችን አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር፤ “ሬሾ እና መስፈርት ለምን ይጠቅመናል?” የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰሌዳ ላይ 1፡10 ብለን ጽፈን ብንወጣ ተማሪው ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል? ስለዚህ በቃል ከምንመልስ በእጃችን ሠርተን ለማሳየት ወሰንን። የሠራነው የአንዲት የድሮ የሶቪየት ሮኬት ሞዴል ነው። ሮኬቷ ምን እንደነበረች፣ ሞዴሏ እንዴት እንደሚሠራና እኛ የት ላይ እንደተሳሳትን በዚህ እትም እንነግራችኋለን።

ሮኬቷ ማን ናት?

ስሟ ጊርድ-09 ነው። “ጊርድ” በ1931 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ የተቋቋመ የሮኬት አጥኚዎች ቡድን ስም ሲሆን፣ ቡድኑ ይሠራ የነበረው በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በ1932 ኃላፊነቱን የያዘው ኋላ ስሙ የገነነው ሰርጌይ ኮሮሌቭ ነው። ጊርድ-09ን የነደፈው ደግሞ ሚካኢል ቲኮንራቮቭ ነበር። አባላቱ መጀመሪያ ላይ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ እየመጡ ያለ ደመወዝ ይሠሩ ስለነበር የቡድኑን ፊደላት “በነጻ የሚሠሩ መሐንዲሶች ቡድን” ብለው እየፈቱ ይቀልዱ ነበር። በኢንሴንቲቭ የሚያስተምሩ መምህሮቻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁ። “ታዲያ እኛም እኮ ጊርድ ነን” ያለም አልጠፋ።

ሮኬቷ ትልቅ አልነበረችም። ርዝመቷ 2.4 ሜትር፣ የወገቧ ስፋት (ዲያሜትር) 18 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከነነዳጇ 19 ኪሎ ግራም ነበር። ነዳጇ ከጥድ ሙጫ በሚገኝ ኮሎፎኒ የወፈረ ቤንዚን ሲሆን የሚቀመጠው እዚያው ማቃጠያ ክፍሏ ውስጥ ነው። ቤንዚን ያለ ኦክስጅን አይነድም። ስለዚህ ሮኬቷ እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ኦክስጅን በጋን ይዛ ትሄድ ነበር። ፓምፕ የላትም። ፈሳሹ ኦክስጅን ሲሞቅ ይተናል፤ ትነቱም በራሱ ግፊት ፈሳሹን ወደ ማቃጠያው ይገፋዋል። የሚነደው ጋዝ በጅራቷ ወደ ታች ሲወጣ እሷ ወደ ላይ ትሄዳለች። ይህ በፊዚክስ ክፍል የምንማረው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው።

ነሐሴ 17 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. ከሞስኮ አቅራቢያ ናካቢኖ በሚባል ቦታ ተተኮሰች። 400 ሜትር ያህል ከፍ አለች። ከዚያ በማቃጠያ ክፍሏ መጋጠሚያ በኩል ጋዝ አፈተለከና ዘንበል ብላ ጫካ ውስጥ ወደቀች። በረራው በጠቅላላው 18 ሰከንድ ነው። ሆኖም በሶቪየት ኅብረት በፈሳሽ ኦክስጅን የበረረች የመጀመሪያዋ ሮኬት ሆነች።

መለካት

እኛ የመረጥነው መስፈርት 1፡10 ነው። 240 ሴንቲ ሜትር ለ10 ሲካፈል 24፣ 18 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 1.8 ይሆናል። ክንፎቿን በተመለከተ ልኩ በእጃችን ስላልነበረ ከጎን የተነሳ ፎቶግራፍ ተጠቀምን። በፎቶው ላይ ሮኬቷ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነች ሞዴላችን የፎቶው እጥፍ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የክንፉን ልክ በማስመሪያ ወስዶ በ2 ማባዛት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከአሮጌ መጥረጊያ እጀታ ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን አፍንጫዋን በቢላ አሾልን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን። ውፍረቱ መድረሱን በምን እናውቃለን? ክር ዙሪያውን ጠምጥሞ መለካት ነው። ክሩ 5.65 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለ3.14 ብናካፍለው 1.8 ይሰጠናል።

ፎርማውና ሬዚኑ

“እንጨቱ ካለ ሬዚን ምን ያደርጋል?” ያለን ተማሪ ነበር። መልሱ፣ አንድ ፎርማ ካለን ልካቸው አንድ የሆነ ብዙ ሞዴሎች ስለምናወጣ ለየክፍሉ ማዳረስ እንችላለን።

ፎርማውን በጄሶ ሠራን። እንጨቱን እስከ ግማሹ ሸክላ ጭቃ ውስጥ አስተኝተን፣ በካርቶን ከበን፣ ቫዝሊን ቀብተን ጄሶውን አፈሰስንበት። ሲደርቅ ገልብጠን ጭቃውን አነሳን፤ ሁለተኛውንም ወገን እንዲሁ አደረግን። ሁለቱ ጄሶዎች እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ቫዝሊን መቀባት አይረሳ። በጅራት በኩል ማፍሰሻ ቀዳዳ ይተዋል። ጄሶው በደንብ ሳይደርቅ ሬዚን ማፍሰስ አይገባም፤ እርጥበት ሥራውን ያበላሻል። ከደረቀ በኋላ ውስጡን ቫርኒሽ፣ በላዩም ቫዝሊን ቀባነው። ሁለቱን ግማሾች አጋጥመን ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አሰርን።

ሬዚን ሁለት ፈሳሽ ነው፦ ራሱ ሬዚኑና ማጠንከሪያው። እኛ ያገኘነው ኢፖክሲ የሚባለው ሲሆን ጣሳው ላይ 2፡1 ይላል፤ ሁለት እጅ ሬዚን፣ አንድ እጅ ማጠንከሪያ። ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን “ይሄማ ምን ያስቸግራል” ብለን በዓይን ግምት ቀላቀልነው። ሦስት ቀን ጠበቅን። ሬዚኑ እንደ ማር ተጣብቆ ቀረ፣ ፎርማውም ሲከፈት ተሰበረ። የአንድ ሳምንት ድካም ባከነ።

በሁለተኛው ሙከራ አሰላን። የሲሊንደር ይዘት 3.14 × 0.9 × 0.9 × 24 ሲሆን 61 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አፍንጫዋ ስለሚሾል 60 ይበቃል። በ2፡1 ሲከፈል 40 ሬዚንና 20 ማጠንከሪያ ነው። መርፌ በሌለው አዲስ ሲሪንጅ ለክተን፣ ቀስ ብለን ለብዙ ደቂቃ አማሰልን። አየር እንዳይይዝ በቀጭኑ ከአንድ ጎን አፈሰስን። በማግስቱ ፎርማውን ስንከፍት ሮኬቷ ድንጋይ መስላ ወጣች። በመጨረሻም ከዘይት ቆርቆሮ አራት ክንፍ ቆርጠን፣ ስለቱን በሞረድ አጥፍተን፣ በዚያው ሬዚን አጣበቅናቸው። ያን ጊዜ ጥያቄውን ያቀረበችው ተማሪ “ለካ ሬሾ ማለት መድረቅና አለመድረቅ ነው!” አለች። ከዚህ የተሻለ መልስ እኛም የለንም።

ጥንቃቄ

ኢፖክሲ ቆዳ ይጎዳል፤ ጓንት ይደረግ። ሥራው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር፣ ከምግብና ከሕፃናት ርቆ ይሁን። የተቀላቀለ ሬዚን ኩባያ ውስጥ ብዙ ከቆየ በራሱ ይግላልና ቶሎ ይፈስስ። ሲፋቅ አቧራው እንዳይነሳ በውኃ ይረጥብ። ከሁሉም በላይ፣ አንዳንድ ተማሪዎች “ለምን እውነተኛ አናስወነጭፍም?” ብለውናል። አይሆንም። በላስቲክና በሣር ቤቶች መካከል አንድ ብልጭታ ብዙ ቤተሰብ ያለ መጠለያ ሊያስቀር ይችላል። ሞዴል የሚሠራው ያለ እሳት ለመማር ነው።

ያልጠበቅነው ትምህርት

ሞዴሏን ስንመዝናት ወደ 60 ግራም ሆነች። ርዝመት በ10 ሲያንስ ይዘት በ1000 ያንሳል (10 × 10 × 10)። ስለዚህ 19 ኪሎዋ ሮኬት በእኛ መስፈርት 19 ግራም ብቻ መሆን ነበረባት። የእኛዋ ሦስት እጥፍ ከበደች። ለምን? የእኛዋ ድፍን ናት፤ እውነተኛዋ ግን አብዛኛው አካሏ ክፍት ቦታ፣ ቀጭን ቆርቆሮና ጋን ነበር። ለመብረር ቀላል መሆን ግድ ነውና። ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ሚዛኑ ነገረን።

ከምድር ቤቱ ሰዎች ኮሮሌቭ በ1938 ታስሮ በኋላም ኮሊማ ወደሚባል የሩቅ እስር ካምፕ ተላከ፤ የተፈታው በ1944 ነው። እሱ በመራው ሥራ የተገነባችው አር-7 ሮኬት ጥቅምት 4 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ወደ ሕዋ አደረሰች። ቲኮንራቮቭም በሳተላይቱ ሥራ ተሳትፏል። ከ400 ሜትር እስከ ሕዋ የፈጀው 24 ዓመት ነው።

የቤት ሥራ፦ አር-7 ወደ 30 ሜትር ትረዝም ነበር። በ1፡10 ብንሠራት በክፍላችን በር ትገባለች? በ1፡100 ብንሠራት ጊርድ-09 ከጎኗ ስንት ሴንቲ ሜትር ትሆናለች? ለክታችሁ፣ አስልታችሁ መልሱን ለክበቡ አምጡ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።