ሳፋሪ ለሚወጣ ቤተሰብ፦ ክትባቱ፣ ክኒኑና ስንቁ



«ሳፋሪ» የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ነው። ሥሩም «ሙሳፊር» የሚለውን ቃል ያስገኘው ያው የዐረብኛ ቃል ነው። ዛሬ ግን ሳፋሪ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን የኬንያው ማሳይ ማራና የታንዛኒያው ሰረንጌቲ ነው። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነች፣ እዚያ ዘመድ ያለው ወይም ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የመጡ ወንድምና እህት ያሉት ቤተሰብ «ልጆቹ አንበሳ ይዩ» ብሎ ሊነሳ ይችላል። ማለፊያ ነው። ነገር ግን በደንቡ መሠረት መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አንበሳው ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ትንኝ፣ ውኃና ምግብ ነው። ለእነዚህ ደግሞ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከጉዞው ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እቤት ነው።

ስማቸው ተቀራራቢ፣ በሽታቸው ለየቅል

ቢጫ ወባና ወባ በአማርኛ ስማቸው ስለሚመሳሰል «ቢጫ ካርድ አለኝ፤ ወባ አይነካኝም» የሚል ሰው ያጋጥማል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ፣ ቀን ቀን በምትናከስ ትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ይከላከለዋል። ወባ ግን በጥገኛ ተሕዋስያን የሚመጣ ነው። አስተላላፊዋ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። በቅርብ ዓመታት መሰጠት የጀመሩት የወባ ክትባቶችም ወባማ በሆነ አካባቢ ለሚኖሩ ሕፃናት የታሰቡ እንጂ ለመንገደኛ አይደሉም። ስለዚህ ቢጫ ካርድ በኪሱ የያዘ ሰውም ለወባ ገና አልተዘጋጀም።

ሀገራችን ቢጫ ወባ ሊከሰትባቸው ይችላል ከሚባሉት ሀገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ከዚህ የሚነሳ መንገደኛ ኬንያም ሆነ ታንዛኒያ ሲገባ ካርዱን ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ ላይ አሥር ዓመት የሚል ቢጻፍበትም ማደስ አያስፈልግም። ከዘጠኝ ወር በታች ያሉ ሕፃናት ግን በመደበኛው አሠራር አይከተቡም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለባቸውና የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በእኛ አስተያየት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ይህን ክትባት ለመውሰድ ያልደረሰ ሕፃን ያለበት ቤተሰብ ጉዞውን ለሌላ ዓመት ቢያቆየው ይሻላል። አንበሳው የትም አይሄድም።

«እኛ ወባን እናውቃታለን»

ወባን በስም ማወቅና ሰውነት እሷን መልመዱ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለምትገኝ፣ በእርሷ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ወባን የሚቋቋምበት አቅም አላዳበረም። በልጅነቱ ቆላ የኖረና ለዓመታት ደጋ ወይም ባሕር ማዶ የከረመ ሰውም የነበረው አቅም ይደክማል። የማራና የሰረንጌቲ ሜዳዎች ደግሞ ወባ ከሚተላለፍበት ከፍታ በታች ናቸው። በዚያ የሚበዛው ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ዓይነት ሲሆን ክሎሮኪን አይበግረውም።

ለመከላከያ የሚታዘዙት መድኃኒቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀመርና በየቀኑ ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን በደንብ ይሠራል። ዶክሲሳይክሊንም አጀማመሩ እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ ቆዳንም በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። ሜፍሎኪን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መጀመር አለበት፤ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት አይሆንም። የልጆች መጠን በክብደታቸው ስለሚሰላ የአዋቂውን ክኒን በግምት ከፍሎ መስጠት አይገባም። ኮአርተም ደግሞ ማከሚያ እንጂ መከላከያ አለመሆኑን ልብ በሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከተመለሰ በኋላ ነው። ቤቱ በሰላም ሲገባ «አበቃ» ብሎ ክኒኑን ያቆማል። ተሕዋሱ በትንኟ ንክሻ ሲገባ መጀመሪያ የሚሸሸገው ጉበት ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ተራብቶ ወደ ደም ለመውጣት ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በመጨረሻዋ ሌሊት የተነከሰ ሰው በሽታው የሚወጣበት አልጋው ላይ ተኝቶ ነው። ዶክሲሳይክሊንና ሜፍሎኪን በዋናነት የሚሠሩት ደም ውስጥ በመሆኑ ከተመለሱ በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላሉ። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ጉበት ውስጥ ያለውንም ስለሚያጠቃ ሰባት ቀን ይበቃዋል።

ክኒኑ ብቻውን መቶ በመቶ አይከላከልም። ማታ አጎበር ውስጥ መተኛት፣ ከምሽት ጀምሮ እጅጌና ባቱ ረዥም የሆነ ልብስ መልበስ፣ በተጋለጠው ቆዳ ላይ ዲት ያለበት የትንኝ መከላከያ መቀባት ያስፈልጋል። የፀሐይ መከላከያ ቅባትም የምትቀቡ ከሆነ እሱ ይቅደም፣ የትንኙ ይከተል።

እህቶች፣ ጥቁሩን ዐባያ ለናይሮቢ አቆዩት

ሙስሊም ቤተሰብ በአለባበሱ በኩል ግማሹን ዝግጅት ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ ሰፊና ረዥም ልብስ ከትንኝም ከፀሐይም ይከላከላል። ችግሩ ቀለሙ ላይ ነው። በሰረንጌቲና በታራንጊሬ የሚገኘው የቆላ ዝንብ፣ ማለትም ፄፄ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም ይስበዋል። የሚንቀሳቀስ መኪናም ይከተላል፣ ስስ ጨርቅ አልፎ ይናከሳል፣ ቅባቱንም እምብዛም አይፈራም። የእንቅልፍ በሽታን የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ በመንገደኛ ላይ የሚደርሰው እምብዛም ባይሆንም ንክሻው ራሱ ያማል። አሸዋማ፣ ካኪ ወይም ወይራ ቀለም ያለው፣ ወፈር ያለ ጨርቅ ምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ የማለዳው ብርድ ብርቱ ስለሆነ ጋቢም አይቅርባችሁ። የልጆች የክረምት ዕረፍት የሚውለው በእነዚሁ ወራት መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው። በዚያ ወቅቱ በጋ በመሆኑ መንገዱ ደረቅ፣ ትንኙም አነስተኛ ነው፤ ማራም ከሰረንጌቲ በሚሻገሩት መንጋዎች ይሞላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ከባዱ ዝናብ ነው።

መኪና ውስጥ መዋል

በፓርኮቹ ውስጥ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። ከዚህ ደንብ የሚመጣውን የጤና ችግር ብዙ ሰው አያስብም። ሽንት ቤት አይገኝም በሚል ስጋት፣ በተለይ ሴቶች፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ። በዚያ ፀሐይና አቧራ ይህ ራስ ምታት፣ ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያስከትላል። መፍትሔው ጥማትን መቻል ሳይሆን ከሹፌሩ ጋር ማለዳ መነጋገር ነው፦ ለመውረድ በተፈቀዱት ቦታዎች በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለሶላትም የሚበጀው ይኸው ነው፤ ቂብላው ከማራም ከሰረንጌቲም ወደ ሰሜን፣ በጣም ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ከንጋት ይጀምራል፤ ሹፌሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን በፈረንጆቹ መሆኑን አትዘንጉ።

ውኃ የምትይዙበት ዕቃም ይታሰብበት። ኬንያ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017፣ ታንዛኒያ በሰኔ 2019 ከልክለዋል። በኬንያ ጥብቅ ቦታዎች ደግሞ ከሰኔ 2020 ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። እየተሞላ የሚያገለግል ኮዳ ለእያንዳንዱ ሰው ያዙ፤ የሚሞላውም የተጣራ ወይም የፈላ ውኃ ይሁን።

በምሳ ማቆሚያዎች ጦጣና ዝንጀሮ ያጋጥማችኋል። ከልጅ እጅ ሙዝ ነጥቆ መሮጥ ሥራቸው ስለሆነ አትመግቧቸው። ቢነክሱ ወይም ቢቧጥጡ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቡና በዚያው ቀን ሕክምና ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በእነሱም ሊተላለፍ ይችላልና።

ስንቅ

በማረፊያ ሆቴሎቹ ቁርስ ላይ የአሳማ ሥጋ ከሌላው ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም በአንድ ማንሻ ይቀርባል። «ንያማ ያ ንጉሩዌ» ማለት የአሳማ ሥጋ ማለት ነው፤ «ሐላል» የሚለውን ቃል ግን ሁሉም ይረዳዋል። ቦታ ስትይዙ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ካልተረጋገጠ እንቁላል፣ ቻፓቲ፣ ባቄላ፣ እንደ ገንፎ ያለው ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን ለሁለትና ሦስት ቀን ከበቂ በላይ ነው። ትኩስ የቀረበውን ብሉ፤ ጥሬ ሰላጣ ይለፋችሁ፤ ፍራፍሬም ራሳችሁ የምትልጡት ይሁን።

ከቤት ቴምር፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ መያዝ ብልህነት ነው፤ ሳይበላሹ ይከርማሉ፣ መንገድ ላይም ያጠግባሉ። ቋንጣ ይቅር፤ ሥጋ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ያስጠይቃል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም በርከት አድርጋችሁ ያዙ። ካለቀ፣ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ።

የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን በእጅ ሻንጣው፣ በማቀዝቀዣ ከረጢት ይያዝ፤ በረዶውን ግን አይንካ፣ ከረጋ ይበላሻልና። ምሳ ሊዘገይ ስለሚችል ቴምር ወይም ከረሜላ ከኪሱ አይለየው። አስም ያለበትም የሚነፋውን መድኃኒት እንደዚሁ፤ አቧራው ከባድ ነው። በጫካው መሐል ሆስፒታል ስለሌለ የጉዞ ዋስትናችሁ የአየር አምቡላንስን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ናይሮቢ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ

በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ከቤተሰቡ አንዱን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ቢይዘው፣ ክኒኑን ሳያጓድል የዋጠ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያድርግ። ፋልሲፓረም በተለይ ሕፃናትን በአንድ ቀን ውስጥ ለከፋ አደጋ ሊያደርስ ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም በቅድሚያ ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ «ኬንያ ነበርን» የምትሉት እናንተ ናችሁ። የመጀመሪያው ምርመራ ነጻ ቢልና ትኩሳቱ ባይለቅ ምርመራው እንዲደገም ጠይቁ። የሄዳችሁበትን ቀን፣ የክኒኑን ስምና የጨረሳችሁበትን ዕለት በወረቀት ጻፉና ከቢጫ ካርዱ ጋር አስቀምጡት።