ለአዝመራ ጠባቂ የሚሆን ቀላል ጠመንጃን ስለ መምረጥ

አዝመራን ከአጥፊ አውሬ ለመከላከል በሕግ ለተፈቀደለት ጠባቂ ቀላል ጠመንጃ የሚመርጥ ሹም ወይም ባለርስት፥ አስቀድሞ የጥይቱን ዋጋና አለመክሸፉን ሊመረምር ይገባዋል። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን ዘወትር።

በ1887 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የወጣው ባለ 22 «ሎንግ ራይፍል» ጥይት እጅግ ርካሽ ነው። ነገር ግን ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቅመም በቀለሁ ከንፈር ዙሪያ የተሰራጨ ስለ ሆነ፥ መርፌው ቅመም የጐደለበትን ስፍራ ቢመታ ይከሽፋል፤ ቀለሁም ዳግመኛ አይሞላም። በ1930 ግድም የወጣው ባለ 22 «ሆርኔት» ቅመሙ በቀለሁ መቀመጫ መካከል ለብቻው ስለ ተቀመጠ እምብዛም አይከሽፍም፤ ቀለሁም ይሞላል፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ሁለቱም 22 ቢባሉ፥ የአንዱ ጥይት ለሌላው ጠመንጃ አይሆንም።

ስለዚህ በቅርብ ላለ፥ ጥንቸልን ለሚያህል አውሬ የፊተኛው ይበቃል፤ ለጃርት ሁለተኛው ይሻላል። ከርከሮን ግን ሁለቱም አቍስለው ይሰዱታልና አይገቡም። የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊተኵስ ስለሚችል፥ ጠባቂው አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅንቶ ግማሽ ደቂቃ ይቈይ። ርካሹ ጥይት እንኳ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ሰው ሊገድል ይችላልና፥ ከአውሬው በስተኋላ መንደር ወይም መንገድ ቢኖር ከቶ አይተኵስ።