አስፋልቱ በየቡ መሃል ሲያልፍ

ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ጅማ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የመንገዱ ትርምስ ነው። ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ይታጠፋል፤ ሞተር ሳይክል ሦስት ሰው ጭኖ ያልፋል፤ ጭነት የያዘች አህያ ከአይሱዙ ጎን ትሄዳለች፤ የሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ትርፍ ሰው ይጠራል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር የመጣ የውጭ ዜጋም ይሁን ከዓመታት በኋላ ዘመድ ሊጠይቅ የተመለሰ ዲያስፖራ፣ ወይም ከሩቅ ክልል የተመደበ ተማሪ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፦ እዚህ የትራፊክ ሕግ የለም፤ ካለም ልል ነው። የውጭ ኤምባሲዎችም ለዜጎቻቸው በሚያወጡት የጉዞ ምክር ላይ ከከተማ ውጭ በሌሊት እንዳይጓዙ ያስጠነቅቃሉ።

ይህን ፍርድ "እንግዳ ምን ያውቃል" ብሎ መግፋት አይገባም። የመንገድ አደጋ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰው ስለሚወስድ ነዋሪው ለምዶታል። አንድ ወረርሽኝ በዓመት ያን ያህል ሰው ቢገድል አገር ይታወክ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2016 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7 የሚሆነው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ በስዊድን ቁጥሩ 2.8 ነበር። በዚያው ዓመት በይፋ የተመዘገበው ሞት 4,352 ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን ከ27,000 በላይ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። ፖሊስ የሚመዘግበው በአብዛኛው አደጋው ቦታ ላይ ያገኘውን አስከሬን ይመስላል፤ ሆስፒታል ደርሶ ከሳምንት በኋላ የሞተው፣ ወይም ቤተሰቡ ተሸክሞ ወደ ገጠር የመለሰው፣ ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እንግዳው መደንገጡ ትክክል ነው። የሚሳሳተው የሚያስፈራውንና የሚገድለውን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ሾፌርን ከሐኪም ጋር አንድ ላይ ያቆመዋል። ሕይወትን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቀ ጥሶ፣ ወይም ሰክሮ፣ ወይም ከአንድ በላይ ሰው ገድሎ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በከተማ ውስጥ ለቀላል ተሽከርካሪ በሰዓት 60፣ ለመካከለኛ 40፣ ለከባድ 30 ኪሎ ሜትር ጣሪያ አበጀ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ማሻሻያዎች በአጥፊው ላይ የባሰ ጠብቀዋል። የሶስተኛ ወገን መድን አዋጅም ማንኛውም የመንገድ አደጋ ተጎጂ እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ አስቸኳይ ሕክምና በነጻ እንዲያገኝ ደንግጓል። ብዙ ተጎጂዎች ይህን መብታቸውን አያውቁትም፤ ይህ ራሱን የቻለ በደል ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሕግ ያላትን አገር "ሕገ ልል" ማለት አይቻልም።

ታዲያ ሕጉ ለምን አይዝም? ጽኑ እስራቱ የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በየቡ ከተማ መሃል በ70 ያለፈ አንድ አይሱዙ ግን፣ ማንንም ካልገጨ፣ ምንም አይደርስበትም፤ በማግስቱም በ70 ያልፋል፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ይመላለሳል። ፍጥነቱ ያተረፈለትን ደቂቃ በየቀኑ ያያል፤ አሥር ዓመቱን ግን እስከዚያች አንዲት ቀን ድረስ አያየውም። ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ ቅጣቱ አይቀሬ መሆኑ ነው። ትንሽ መቀጮ ሁልጊዜ ቢያገኘው ኖሮ ሾፌሩ እግሩን ያነሳ ነበር። አሁን ግን ትራፊክ ፖሊሱ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ከወዲያ የሚመጡ ሾፌሮች መብራት ብልጭ እያደረጉ ይነጋገራሉ፤ ኬላው ጋ ሁሉም ጨዋ ይሆናል፤ ኬላው ካለፈ በኋላ ነዳጅ ይረገጣል።

እንግዶች የሕግ መላላት ምልክት አድርገው የሚጠቅሱት ሌላ ነገር አለ፤ ሽምግልናው። በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባለው የደም ካሣና የእርቅ ሥርዓት በጅማ ዙሪያም ይታወቃል፤ ሰው በመኪና ሲሞት የሟችና የገዳይ ወገን በሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ። ከውጭ ለሚያየው ይህ ነፍስን በገንዘብ መለወጥ ሊመስለው ይችላል። እኔ እንዲህ አላየውም። እርቅ ቂምን ያቆማል፤ የሟች ልጆች ከመድን በማያገኙት ፍጥነት እጃቸው ላይ አንድ ነገር እንዲደርስ ያደርጋል፤ የወንጀል ክሱንም በሕግ ፊት አያስቀርም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። እርቁ በሁለት ቤተሰብ መካከል ሲያልቅ ያ ሰው የሞተበት መታጠፊያ እንደነበረ ይቀራል። ካሣ የተከፈለበት ቦታ ላይ መብራት አይተከልም፣ ዜብራ አይቀባም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች እዚያው ቦታ ላይ ይታረቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጅማ መሃል ያለው ትርምስ መልኩ ቢያስፈራም በአመዛኙ አዝጋሚ ነው። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ እግረኛው፣ አህያዋ ሁሉም ሰው በሚሮጥበት ያህል ፍጥነት ስለሚንቀሳቀሱ በዓይን ይግባባሉ፤ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። መጋጨት ይኖራል፤ ክንድ ይሰበራል፤ ሞት ግን የሚቀጥፈው በብዛት ከዚህ ትርምስ መሃል አይደለም። እንግዳው ከከተማው ወጥቶ ለስላሳውን አስፋልት ሲይዝ "ተመስገን" ይላል፤ አደጋው የሚከብደው ግን እዚያ ላይ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ከዚያም ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ የማና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን የቡን አቋርጦ ያልፋል። ሾፌሩ ከጅማ ተነስቶ ክፍት መንገድ ላይ ዓይኑም እግሩም ፍጥነቱን ለምዷል፤ ከተማዋ የምትደርስበት ምንም የሚያነቃው ነገር ሳያገኝ ነው። ለእሱ የቡ የመንገድ አንድ ቁራጭ ናት፤ ለነዋሪዋ ግን ያው አስፋልት የገበያ ዳር፣ የትምህርት ቤት መንገድና የታክሲ መጠበቂያ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ማንም ሊያሰላው ይችላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ60 የሚሄደው ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ እስኪቆም 37 ሜትር ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ሕፃን ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ በ14 ሜትር ርቀት ላይ ብቅ አለ እንበል። በ30 የመጣው መኪና ልጁ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። በ60 የመጣው ደግሞ ሾፌሩ ገና ፍሬን ሳይነካ፣ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ይመታዋል። ጅማና አካባቢዋ ደግሞ ዝናባማ ናቸው፤ አስፋልቱ ሲረጥብ የማቆሚያው ርቀት ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የተሽከርካሪዎች አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል ግጭት የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። መንገድ ሲሻሻል ከተማዋን የሚያቋርጠው ፍጥነት ካልተገደበ ሞትም አብሮ የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

"ጥፋቱ የእግረኛው ነው፣ መሃል አስፋልት ላይ ይሄዳል" የሚሉ አሉ። ይሄዳል፤ የት ይሂድ? በክረምት የመንገዱ ዳር ጭቃ ነው፤ ጭቃ ያልሆነው ላይ ጉልት ተዘርግቷል ወይም መኪና ቆሟል። በመኸር ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም ገበሬው ቀይ እሸቱን በአህያ፣ በሞተር፣ በጀርባው ይዞ ወደ መፈልፈያው ይወርዳል፤ ደረቅና ደልዳላ የሆነው መንገድ አስፋልቱ ብቻ ነው። የቡናው ሥራ ደግሞ ሲመሽም አያቆምም፤ እሸቱ ሳያድር መፈልፈል ስላለበት ጭነት መኪናው የሚሮጠውም፣ ገበሬው ባዶ ጆንያውን ይዞ የሚመለሰውም በዚያው ጨለማ ነው። እግረኛውን ማስተማር ጥሩ ነው፤ ዳር የሌለውን መንገድ ዳር ዳሩን ሂድ ማለት ግን ትምህርት ሊባል አይችልም።

"ሾፌሮቹ በቅጡ ያልሠለጠኑ ናቸው፣ መንጃ ፈቃድ ይገዛል" የሚለው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው። ባልሠለጠነ እጅ የተያዘ መሪ አደጋ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ፈቃድ አሰጣጡ መጥራት አለበት። ሆኖም ከዓለም አንደኛ የተባለ ሾፌርም ቢሆን በ60 ሲመጣ ያችን 37 ሜትር ማስቀረት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ፓርላማ ያጸደቀው የመንገድ ደህንነት ፖሊሲ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ መንገዱ ስሕተቱ ነፍስ በማያስከፍልበት ሁኔታ ይሠራ። ሰውን ፍጹም እስክናደርግ ብንጠብቅ ብዙ ሰው እንቀብራለን።

"ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው" ለሚለው መልሱ ጋና ውስጥ አለ። ከአክራ ወደ ኩማሲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሱሁም በሚባል መገናኛ በኩል ያልፋል፤ ቦታው በአደጋ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አስፋልቱ ላይ ጎማን የሚያንቀጠቅጡ ዝቅተኛ ጉብታዎች በተርታ ተሠሩ። ግጭቱ በ35 በመቶ፣ ሞቱ ደግሞ በ55 በመቶ ገደማ ቀነሰ። አዲስ አዋጅ አልወጣም፤ ሾፌሮቹም ያው የቀድሞዎቹ ነበሩ። ጉብታው ጉቦ አይቀበልም፤ ለምሳ አይሄድም፤ ሌሊትም ዝናብም ቢሆን ሁሉንም እኩል ያዘገያል።

ንግዱ ይጎዳል የሚል ስጋትም ይነሳል፤ ቡና የአካባቢው ጉሮሮ ነውና ስጋቱን ማቃለል አይገባም። ግን እንለካው። አንድ ጭነት መኪና የአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የከተማ ክልል በ60 ቢያልፍ 90 ሰከንድ፣ በ30 ቢያልፍ ሦስት ደቂቃ ይወስድበታል። ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ከየቡ ጅማ ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል የቡናን ዋጋ አያንቀሳቅስም። ደግሞስ ለከባዱ መኪና 30ን የደነገገው ደንቡ ራሱ ነው፤ የምንጠይቀው ወረቀት ላይ ያለው አስፋልት ላይ እንዲወርድ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን እቀበላለሁ። ነዋሪው ልጁ ሲሞትበት በቁጣ ተነስቶ በአፈርና በድንጋይ የሚከምረው ጉብታ፣ ቀለምና ምልክት ስለሌለው፣ በሌሊት ሞተረኛውን ራሱን ይገድላል። ስለዚህ ሥራው የባለሙያ መሆን አለበት፤ ከጉብታው አስቀድሞ የሚታይ ሰሌዳ፣ የሚያንጸባርቅ ቀለም፣ ቢቻል መብራት። እዚህ ላይ ደግሞ የተለመደው ገመድ ጉተታ ይመጣል። አውራ ጎዳናውን የሚሠራው የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ጉልቱንና የቆመውን መኪና የሚቆጣጠረው የከተማው አስተዳደር ነው፤ ፍጥነቱን የሚይዘው ትራፊክ ፖሊስ ነው። ሦስቱ አንድ ቀን አብረው ከየቡ መግቢያ እስከ መውጫዋ በእግራቸው ቢሄዱ፣ አንድ ሚኒባስ የት ቆሞ እግረኛን እንደሚጋርድ፣ ተማሪዎች በየት በኩል እንደሚሻገሩ፣ የእግረኛ መንገዱ የት ላይ እንደሚቋረጥ ከማንኛውም ጥናት በላይ ያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ጉብታዎች በሁለቱ መግቢያዎች፣ ከአጋሮ በኩልና ከጅማ በኩል፣ መሠራት አለባቸው፤ ሥራውም የቡና ለቀማው ከመጀመሩ ከጥቅምት በፊት ማለቅ አለበት።